የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ከፕሮክሲ ጀርባ ያለውን ጎብኚ ፍለጋ

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በጠብ ነው። በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ በተካሄደው የሥዕል ውድድር ለአንድ ሥዕል በአንድ ሌሊት ድምፅ ጎረፈለት። የመጡባቸው የአይፒ አድራሻዎች (መሣሪያዎች በኢንተርኔት ላይ የሚታወቁባቸው ቁጥሮች) የተለያዩ ቢሆኑም ድምፆቹ የሚገቡት እኩል ጊዜ እየጠበቁ ነበር። ገሚሱ ተማሪ «በፕሮክሲ ሰርቨር የተሠራ ነው» አለ፤ ገሚሱ «ማስረጃው የታለ?» ብሎ ተሟገተ። እኔም ያዘጋጀሁትን ዕቅድ አጥፌ ክርክሩን ለክበቡ ሰጠሁት።

ፕሮክሲ የጎብኚውን ጥያቄ ተቀብሎ በራሱ አድራሻ ወደ ድረ ገጹ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ነው። ድረ ገጹ የሚያየው አስተላላፊውን እንጂ ላኪውን አይደለም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ፕሮክሲዎች «ቪያ» ወይም «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር» የሚባሉ የራስጌ መስመሮችን፣ ማለትም ከጥያቄው ጋር አብረው የሚሄዱ የመግለጫ ጽሑፎችን፣ ጨምረው ያልፋሉ፤ በሁለተኛው ውስጥ የላኪው አድራሻ ሳይቀር ሊገኝ ይችላል። ልጆቹ ይህን ሲያውቁ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። ደስታቸውን ያፈረሰችው ከክበቡ ትንሿ አባል ናት። በራሷ ጥያቄ ላይ የፈጠራ አድራሻ ጽፋ ላከች፤ መስመሮቹን የሚያነበው ፕሮግራማችንም አምኖ መዘገበላት። መደበቅ የፈለገ ፕሮክሲ ደግሞ መስመሮቹን ከነአካቴው አይጽፍም። በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ግንኙነት ሲሆን ፕሮክሲው ብዙውን ጊዜ «ኮኔክት» በሚለው ትእዛዝ መተላለፊያ ከፍቶ የታሸገውን መረጃ እንዳለ ስለሚያሳልፍ ልጨምር ቢልም አይችልም።

ቀጥሎ አድራሻው የማን እንደሆነ ወደ መመርመር ገባን። ተራ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቴሌኮም ድርጅት መስመር ነው፤ ሰርቨር ከሚያከራይ የዳታ ማዕከል የመጣ ድምፅ ያጠራጥራል። ተጠቃሚውን በበርካታ ሰርቨሮች አዙሮ የሚደብቀውን የቶር መረብ መውጫ አድራሻዎችንማ ራሱ የቶር ፕሮጀክት ለሕዝብ ይፋ ያደርጋቸዋል። ግን በመኖሪያ ቤት መስመር በኩል የሚያስተላልፉ ፕሮክሲዎችም አሉ፤ በዚህ ወንፊት አይያዙም።

3128፣ 8080 እና 1080 የተባሉትን የተለመዱ የፕሮክሲ ፖርቶች (ፕሮግራም ግንኙነት የሚቀበልባቸው ባለ ቁጥር በሮች) በጎብኚዎች ኮምፒውተር ላይ እንፈትሽ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ከለከልኩ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ በር ማንኳኳት ነውና፤ ሙከራው ስኩዊድ በተባለው ፕሮግራም በራሳችን ላቦራቶሪ ባቆምነው ፕሮክሲ ላይ ብቻ ተደረገ። አኩርፈውኝ ነበር፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

የዓመቱ ትልቁ ሳቅ የመጣው «ከአንድ አድራሻ ብዙ ሰው የመጣ እንደሆነ ፕሮክሲ ነው» የሚለውን ደንብ ስንሞክር ነው። ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር አናት ላይ የራሳችን ቤተ መጻሕፍት ተገኘ! ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚወጡት በአንድ አድራሻ ነው። ነገሩ በሰፊውም እንዲሁ ነው። የአይፒ ስሪት 4 አድራሻዎች በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ የቴሌኮም ድርጅቶች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያስወጣሉ። ለዚሁ የውስጥ አሠራር ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ተቀምጧል። በዚያ ደንብ ብንሄድ ኖሮ አንድ ሰፈር ሙሉ እናግድ ነበር።

ስለዚህ ልጆቹ ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም ጻፉ። በአንድ ምልክት ብቻ ማንም አይታገድም፤ ነጥቡ የበዛበት ጎብኚ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠየቃል። የጎብኚዎች መዝገብም ከ30 ቀን በኋላ እንዲጠፋ ተስማሙ።

በመጨረሻው ወር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ድምፅ የሚሰጠው በተማሪ መለያ ቢሆን በየት በኩል እንደመጣ ምን ይጨንቀናል?» አለ። ለጥቂት ጊዜ መልስ የሰጠው አልነበረም። ምርጫው በተማሪ መለያ ተደገመ፤ ያ ያጣላው ሥዕል ሁለተኛ ወጣ። ሠዓሊው ስለዚያ ሌሊት ድምፅ ምንም እንደማያውቅ ነግሮናል፤ የሚያስተባብል ነገርም አላገኘንም።

ፕሮግራሙ አሁን የሚያገለግለው የድረ ገጹን የአስተያየት ሣጥን ከሚያጥለቀልቁ መልእክቶች ለመጠበቅ ነው። የጎብኚውን አሳሽ የሰዓት ክልል አድራሻው ከሚገኝበት አገር ጋር የሚያነጻጽረው ክፍል አልተጠናቀቀም፤ ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ሊጨርሱት ተረክበውታል።