ባህሩ የጋራ ነው፣ መረቡ ግን ባለቤት አለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ለምን እንደተወደደ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። እምቦጩን አነሳችሁ፣ ነዳጁን አነሳችሁ፣ ሕገወጥ መረቡንም አልዘለላችሁትም። ሁሉም እውነት ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ጉዳይ አለኝ። እኛ የጣና አስጋሪዎች ባህሩ ላይ ስንገናኝ የምንተዳደርበት ሥርዓት እየጠፋ ነው። ይህም እናንተ ከዘረዘራችኋቸው ችግሮች አያንስም።

የማሰግረው በሞተር ጀልባ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምለው ነገር አብዛኛው የሚመለከተው ሞተር ያለውን ሰው ስለሆነ ነው። ባህር ላይ መንገድ መልቀቅ ያለበት ጉልበት ያለው ነው። በታንኳ ያለው ሰው ቢፈልግ እንኳ ቶሎ ዞር ማለት አይችልም።

ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ሁሉ ውሃ ላይ ሰው በምን ይጣላል ትሉ ይሆናል። ዓሣው ግን ውሃ ባለበት ሁሉ የለም። ቀረሶ ዳር ዳሩን ይወዳል፤ ደንገልና ሣር ያለበትን፣ ውሃው ሳሳ ያለበትን። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ወደ ወንዞች አፍ ይሰበሰባል። ጣና ደግሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዓሣ የሚሸሸግበት ብዙ ቦታ የለውም፣ እኛም የምንበታተንበት ቦታ የለንም። ዞረን ዞረን እዚያው ጥቂት ቦታ ላይ እንገናኛለን።

ድሮ ይህ ያን ያህል አያጣላም ነበር። በፈረንጆቹ 1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በፕሮጀክት እስኪመጣ ድረስ እዚህ የሚሰገረው በታንኳ ነበር። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀም ዕድሜ የለውም። ከዳር ብዙ አይርቅም። መረቡም አጭር ነው። ሞተሩ ሲመጣ ረጃጅም መረብ ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፣ ታንኳው ዳሩን ይዞ ቀረ። ማንም ቁጭ ብሎ ሳይፈራረም ባህሩን ተካፈሉት። ጥሩ አካፋፈል ነበር። አሁን ዓሣው ሲሳሳ ሞተሩ ወደ ዳር ተመለሰ። ታንኳው ግን የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም።

ጠቡ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንድ የታንኳ ሰው አመሻሹ ላይ መረቡን ይጥላል። በሁለቱ ጫፍ ባዶ ሃይላንድ ያስርበታል፣ ከሥር ድንጋይ ያደርግለታል። እሱ ቤቱ ሲገባ ሌላው በሞተር ይመጣና የራሱን ረጅም መረብ ከፊት ለፊቱ ይዘረጋዋል። ዓሣው ወደ ዳር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የኋለኛውን ሰው መረብ ነው። የፊተኛው ጠዋት ሲያነሳ ያገኘው ቅጠል ነው። ቢናገር የሚሰጠው መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «ባህሩ የአባትህ ነው እንዴ?»

ይህን አባባል እጠላዋለሁ። ባህሩ የማንም አባት ርስት አይደለም፣ እውነት ነው። ሥርዓት የሚያስፈልገንም በዚህ ምክንያት ነው። መሬት ላይ ወሰን አለ፣ የወሰን ድንጋይ አለ፣ የገፋም ይከሰሳል። ውሃ ላይ ወሰን የሚሆነው የሰውየው ሃይላንድ ብቻ ነው። እሱን አይተህ ዞር ካላልክ ሌላ የሚይዝህ ነገር የለም። ቀድሞ የጣለ ሰው እስኪያነሳ ድረስ ቦታው የሱ ነው። ባህሩ የሱ ነው አላልኩም፤ የዚያች ሌሊት ቦታው ግን የሱ ነው። ከፊቱ መዘርጋት ነውር ነው። በላዩ ላይ አቋርጦ መጣል ደግሞ ከነውርም ያልፋል፤ ሲያነሱ ሁለቱም መረብ ተጠላልፎ ይቀደዳል።

የተቆረጠ መረብ ነገር ብቻውን ብዙ ያጽፋል። ሞተር ጀልባ በጨለማ ሲያልፍ መረብ ይቆርጣል። ሆን ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ንፋስ አለ፣ ሞገድ አለ፣ ሃይላንዱም ትንሽ ነው። ግን የቆረጠው ሰው ያውቃል። ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ሲያቆመው ወርዶ በቢላ አላቀቀው አይደል? ከዚያስ? ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል፤ አየሁም አልሰማሁም። ያ ቁራጭ እዚያው ይቀራል። ናይለን አይበሰብስም። ባለቤት የሌለው መረብ ሌት ተቀን ያጠምዳል፤ ዓሣ ይይዛል፣ የያዘው ይሞታል፣ ይሸታል። ዓሣ የለመደች ወፍም ጠልቃ ስትገባ ትያዝበታለች። ማንም ሳይበላው የሚያልቀው ይህ ዓሣ የሁላችንም ነበር።

የቆረጠ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የድሮ ሰዎች ያውቁት ነበር። ቁራጩን ሰብስቦ ያመጣል። «አያ፣ መረብህን ቆረጥኩብህ፣ ጨለማ ነበር» ይላል። ያስጠግነዋል፣ ካልሆነም ዋጋውን ይካፈላል። ይህን ያደረገ ሰው ሲሰደብ አላየሁም። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ «ይቅር፣ ግማሹን እኔ እችላለሁ» ይላል። የሚያጣላው ዝምታው ነው። ጠዋት የተቆረጠ መረቡን ያገኘ ሰው ማን እንደቆረጠው ካላወቀ የሚጠረጥረው ሁሉንም ነው። በማግስቱ የሌላ ሰው መረብ ይቆረጣል፤ ያኛው ደግሞ በጨለማ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው የሰው መረብ ማንሳት ነው። ይህን ስርቆት ማለት ይገባል። መረብ ተጥሎ ሲያድር ጠባቂ የለውም፣ በእምነት ነው የሚያድረው። ጎህ ሳይቀድ ቀድሞ ደርሶ የሰውን መረብ ስቦ፣ ወፍራም ወፍራሙን ዓሣ አውጥቶ፣ መረቡን መልሶ የሚጥል ሰው አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው ዓሣውን ማራገፊያ ላይ ሲሸጥ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከየት እንዳመጣው እናውቃለን፣ ዝም እንላለን። ነጋዴውም ይገዛዋል። አለመግዛት ይችላል። ነጋዴዎች ሆይ፣ ትችላላችሁ።

ስለ ሞገዱም አንድ ነገር ልበል። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ጎብኚ የሚወስዱ ጀልባዎች አሉ። እንጀራቸው ነው፣ ለከተማውም ጥቅም ነው። ግን ታንኳ ሲያዩ ፍጥነት ይቀንሱ። ታንኳ ከውሃው ጋር እኩል ነው የሚሄደው፤ የጀልባ ሞገድ ላዩን ያልፈዋል። ዓሣው ይታጠባል፣ ሰውየውም ሊወድቅ ይችላል። ጎብኚው ፎቶ እንዲያነሳ ብሎ ታንኳው ሥር ድረስ የሚጠጋ ነጂም አለ። ፎቶ ከራቅ ብሎም ይነሳል።

አሁን ወደ ወንዝ አፉ ልምጣ። ይህን ጉዳይ በደንብ እንድታነሱት እለምናለሁ።

ጣና ውስጥ 17 ዓይነት ነጭ ዓሣ አለ። ከነዚህ 15ቱ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ ዓይነቶች እንቁላል ለመጣል ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። ያኔ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባ ይሞላል። በወንዙ ውስጥም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ፤ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገ ጥናት በፈረንጆቹ 1991 እና 2001 መካከል የነጭ ዓሣ መጠን በክብደት በ75 በመቶ፣ በቁጥር ደግሞ በ80 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም ከ20 ዓመት በላይ አልፎታል። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፤ ጉማራ አፍ ላይ በሌሊት የሚገኙት አስጋሪዎች ናቸው።

ታዲያ ይህ ከአስጋሪ ሥርዓት ጋር ምን ያገናኘዋል? ወንዝ አፉን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ ሰው የኔን ዓሣ ነው የያዘው። ያች እንቁላል የተሸከመች ዓሣ ብትወጣ ልጆቿ ከዓመታት በኋላ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ ይመጡ ነበር። ጎርጎራ ያለው አስጋሪ የሚያጣውን ነገር ፎገራ ላይ ወንዝ አፍ ያለው ሰው በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ይህን ለሚያደርጉ ሰዎች ስናገር የምሰማው «እኔ ብተወው ሌላው ያጠምደዋል» የሚል ነው። ገብቶኛል። ልጅ ያለው ሰው ነው፣ ክረምት ነው፣ ብር ያስፈልጋል። ግን ሌላው ሰውዬም ስለሱ የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ተገናኝተው ቢነጋገሩ ነገሩ ያልቃል። ጠቅላላ ይከልከል ቢባል ደስ ይለኛል። ያ እስኪሆን ግን ቢያንስ የወንዙ መሐል ክፍት ይቀመጥ። ዓሣው መንገድ ይኑረው።

ደንቡን ከባለሥልጣን አንጠብቅ። በየማራገፊያው ማኅበር አለ፣ ሽማግሌ አለ። እድርና እቁብ ስንመሠርት ደንብ ያወጣልን መንግሥት አልነበረም። እያንዳንዱ ማራገፊያ የራሱን የቀለም ምልክት ይያዝ። ሃይላንዱ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ቀለም ቀብቶ የማን መረብ እንደሆነ ማሳወቅ ብዙ ወጪ የለውም። ያልተቀባ መረብ የተገኘ እንደሆነ ማኅበሩ ይጠይቅ። መረብ የተቆረጠበት ሰው በዚያው ቀን ይናገር፣ በዚያው ቀን ይታይ። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው። የሰው መረብ ሲያነሳ የተያዘ ሰው መረቡን የሚሞላ ዓሣ ይተካ፣ ለጊዜውም ዓሣውን ማንም አይግዛው። በዚህ ሸንጎ ላይ የታንኳ ሰዎች እኩል ድምፅ ይኑራቸው። ሞተር ያለው ብቻ ተሰብስቦ የሚያወጣው ደንብ የሞተር ደንብ ነው የሚሆነው።

ከጥንት ጀምሮ በታንኳ የሚኖሩት የነገዴ ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች በተለይ መቀመጫ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህን ባህር ከማንኛችንም በፊት ያውቁታል። ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚነሳ፣ ጉማሬ የት እንደሚውል፣ ቀረሶ የት እንደሚራባ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ከነሱ ተምረን ጀልባ ስንገዛ «ዞር በል» ማለት አይገባንም። ታንኳ ላይ ያለን ትልቅ ሰው ሲያዩ ሞተር ዝቅ አድርጎ «አያ፣ እንዴት አደሩ፣ የት ጋር ጥለዋል?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ነዳጅ ይፈጃል? መረብ ከመቆረጥ የሚያድነው ይኸው ጥያቄ ነው።

ለእናንተ ያለኝ ልመና አጭር ነው። ክረምት ሳይገባ፣ ወንዞቹ ሳይሞሉ፣ ጋዜጠኛ ወደ ማራገፊያዎቹ ላኩ። የታንኳውንም የሞተሩንም ሰው አነጋግሩ፣ ያሉትን ጎን ለጎን አውጡት። ለዘገባ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ዓሣው ተሽጦ ሰዉ ተበትኗል። የሚመጣው ሰው 11 ሰዓት ሌሊት ላይ ይድረስ።

ከባሕር ዳር፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ