ከጭሱ ይልቅ ሲኒው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ጥራጊ ተሰብስቦ በየደጁ ይነዳል። «ኅዳር ሲታጠን» በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ የተረፈ ልማድ ነው። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ማለትም በቫይረስ የሚመጣ ብርቱ ጉንፋን፣ ነበር። መንስኤው በውል ባልታወቀበት ዘመን በጭስ መሞከሩ አያስወቅስም። ዛሬ ግን ጭሱ ቫይረሱን እንደማይገድል፣ ይልቁንም የሚያስለውን ሰው ደረት እንደሚያባብስ ይታወቃል። ጥራጊውን ማንሳቱ ይቀጥል፤ ፕላስቲክና ጎማ ማንደዱ ይቅር። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ደጁ ሳይሆን ጓዳው ነው፦ ጉንፋን ቤት ውስጥ ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ የሚደረገው ጥንቃቄ።

ወሎ ውስጥ ቡና ለብቻ አይጠጣም፤ ጎረቤት ይጠራል። ችግሩ የሚመጣው ከአቦል ወደ ቶና ሲታለፍ ነው። ሲኒዎቹ ተሰብስበው አንድ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ በጣት ዞር ዞር ይደረጋሉ፣ በአንድ ጨርቅ ተወልውለው ረከቦቱ ላይ ይመለሳሉ። ስምንተኛው ሲኒ ሲደርስ ውሃው የሰባት ሰው ከንፈር የነካውን ይዟል፤ ጨርቁም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለት ሳህን ይቅረብ፦ በአንዱ ሙቅ ውሃ ከሳሙና ጋር፣ በሌላው ንጹህ ማለቅለቂያ። ዋናው መታሸት ያለበት ከንፈር የሚያርፍበት የሲኒው አፍ ነው። ከተለቀለቀ በኋላ ተደፍቶ በራሱ ይድረቅ፤ አይወልወል። ሁለት ሳህን ካስቸገረ ደግሞ ሰው ሁሉ እስከ በረካ ድረስ የያዘውን ሲኒ አይልቀቅ። የሚያስለው ሰው ቡናው ካለበት ይላክለት፤ ቅር የሚለው ካለ ጥፋቱ የእኛ ነው በሉት።

«ውሃ የለም» የሚለውን ምክንያት እናውቀዋለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ለእጅ መታጠቢያ አይከፈትም። ግን ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሰዱና ከታች፣ ከመቀመጫው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ በጋለ ምስማር ብሱት። ቀዳዳው ከስኪርቢቶ ቀፎ ጥቂት ይጥበብ፤ ቀፎውን በግድ አስገቡት። ክዳኑ ጠብቆ ሲዘጋ አየር ስለማይገባ ውሃው ይቆማል፤ ላላ ሲል በቀጭኑ ይወርዳል። ክዳኑ የተሰነጠቀ ወይም ጀሪካኑ ልፍስፍስ ከሆነ ማንጠባጠቡን አይተውም፤ ያኔ ቀፎው ራሱ በክብሪት እንጨት ይወተፍ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ክዳኑ የተነካው ባልታጠበ እጅ ነው። እጅ ሲታሽ ክዳኑም አረፋ ይቀባ፤ ካልሆነ ሲዘጋ ቆሻሻው መልሶ እጅ ላይ ይመጣል።

ሳሙናውም ይቆጠብ። በ1.5 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ 30 ግራም የዱቄት ሳሙና (ሁለት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ገደማ) በጥብጡ፣ ክዳኑን በምስማር ብሱና ከጀሪካኑ አጠገብ አስቀምጡ። ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ማሸቱ ሃያ ሰኮንድ ይቆይ፤ ሁልጊዜ የሚዘለሉት አውራ ጣት፣ የጣቶች መሐልና የጥፍር ሥር ናቸው። ከምግብ በፊት በማስታጠቢያ ጣት ላይ የምትፈሰው ውሃ ያለ ሳሙና ከማርጠብ ብዙም አታልፍም። በቀን አምስት ጊዜ ውዱ የሚደረግበት ቤት ግማሹን ሥራ ጨርሶታል፤ የጎደለው ሳሙናው ነው። ለሁሉም የሚዞረው አንድ ፎጣ ግን ልፋቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል።

የነጠላን ጫፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የልጅ ንፍጥ ይጠረግበታል፣ ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆ ይወለወልበታል፣ ሲያስነጥስ ደግሞ የእናትየው አፍ ይሸፈንበታል። ለልጁ ንፍጥ የራሱ ቁራጭ ጨርቅ ይዘጋጅለት፤ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። መቀቀል አያስፈልግም። ማስነጠስም ወደ ክርን ይሁን።

በረኪና የሚባክነው ወለል ላይ ነው። ጉንፋን ከወለል አይነሳም፤ የበር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የሪሞት ቁልፍ፣ የጀሪካን ጆሮ ላይ ነው የሚጠብቀው። እንዲህ ባለ ልሙጥና ጠንካራ ነገር ላይ ቫይረሱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ እድፍ በረኪናውን ጉልበት ያሳጣዋልና። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ በጨርቅ ቀቡት፤ 10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ይቆይና በውሃ ይጠረግ። ሪሞቱ ግን አይነከር፤ ጨርቁ በደንብ ተጨምቆ ከላይ ከላይ ብቻ ይወልወል። ብጥብጡ ለአንድ ቀን ነው፤ ያደረ ይደፋ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በሃይላንድ ጠርሙስም አይቀመጥ፤ የጠማው ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል።

የደሴ ብርድ በርና መስኮት ያዘጋል፤ ይገባናል። ቢሆንም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሩም መስኮቱም አብረው ይከፈቱ። አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ በደንብ አይነፍስም። ፍም ያለበት ከሰል ቤት ውስጥ አግብቶ በር ዘግቶ መተኛት የጉንፋን ጉዳይ አይደለም፤ ጋዙ ሳይሸት ይገድላል።

የታመመው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከታመመ በኋላም ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ልጆች ከዚያም በላይ። በእነዚህ ቀናት ሳህኑ ለብቻው ይሁን፣ ጉርሻም ይቅርበት። አንድ መደብ ላይ የሚተኙ ልጆች የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ይሁን። የሚያስል እንግዳ ጨቅላ አይሳም። የታመመች እናት ጡት ማጥባቷን አታቁም፤ እጇን ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ጡት ትስጥ።

ዝንጅብልና ሻይ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ ይጠጡ። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ፤ የዳማከሴ ጭማቂም አፍንጫው ውስጥ አይጨመቅበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተቀቀለበትን ድስት ልጅ ፊት አቅርቦ ማጠን የሚያተርፈው ቃጠሎ ነው። አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም፤ ከባለፈው ሕመም የተረፈ ኪኒን አይዋጥ። ለልጆች አስፕሪን አይሰጥ።

ትኩሳትና ሳል ያለበት ልጅ ሲተኛ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ዓመት ያልሞላው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሳይነጋ ጤና ጣቢያ ይድረስ። የሚቆጠረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው፤ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ሳለ የተቆጠረው አይሠራም፣ ሲረጋጋ እንደገና ይቆጠር።

የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች
ደሴ