እማዬ፣ ስለ አስቴር አንድ ነገር ልንገርሽ

ውድ እማዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ ስለ ዓይንሽ ቀዶ ሕክምና ሳነሣብሽ «እግዜር ያውቃል፣ እሱ ያለው ይሆናል» ስትይኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን መጽሐፈ አስቴርን እያነበብኩ ነው። ጎንደር ሳላችሁ ይህ ታሪክ የሚታሰብበትን፣ ፑሪም የሚባለውን የአይሁድ በዓል አታውቁትም ነበር፤ የአስቴርን ጾም ግን ትጾሚ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድም ጊዜ አይጠራም። እጁ ግን በየቦታው አለ። ንግሥት አስቴርን ያሳደጋት መርዶክዮስ የፋርስን ንጉሥ ሊገድሉ ያሴሩትን ሁለት ጃንደረቦች አጋለጠ። ነገሩ መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ ለእሱ ግን ምንም አልተደረገለትም። የንጉሡ ባለሥልጣን ሐማ አይሁድን የሚያጠፋበትን ቀን ለመምረጥ ዕጣ ያስጣለው በመጀመሪያው ወር ነው። ዕጣው የወጣው ግን ለ12ኛው ወር፣ ለአዳር ነው። የጠላታቸው ዕጣ ራሱ ጊዜ ሰጣቸው ማለት ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ያ ሌሊት ነው። አስቴር ንጉሡ ፊት ቀረበች፤ ወርቁን ዘንግ ዘረጋላት። እሷ ግን ጉዳይዋን አልተናገረችም፤ ከሐማ ጋር ግብዣ ጠራችው። ግብዣው ላይም «ነገ ደግሞ ኑ» አለች። ለምን? መጽሐፉ አይናገርም። ፈርታ ይሆናል፣ ብልሃትም ይሆናል። በሁለቱ ግብዣዎች መካከል ባለው ሌሊት ንጉሡ እንቅልፍ አጣ። መዝገቡ ይነበብልኝ አለ። ያ የተረሳው የመርዶክዮስ ውለታ ያኔ ተገኘ። ያኔውኑ ተሸልሞ ቢሆን በዚያ ሌሊት ምን ይገኝ ነበር? ሐማ 50 ክንድ የሚረዝም ግንድ አስተክሎ መርዶክዮስን ለማሰቀል ፈቃድ ሊጠይቅ መጣ። ይልቁንም መርዶክዮስን በንጉሡ ፈረስ አስቀምጦ በከተማው አደባባይ እንዲያዞረው ታዘዘ። ይህን ሁሉ አስቴር አላደረገችውም።

ግን እማዬ፣ ያ ሌሊት የመጣው እሷ ደፍራ ከገባች በኋላ ነው። መጀመሪያማ መርዶክዮስ ገብተሽ ስለ ሕዝብሽ ንጉሡን ለምኚ ሲላት ፈርታ ነበር። ሳይጠራ የገባ ሰው ሕጉ ሞት ነው፣ እኔም ከተጠራሁ 30 ቀን ሆነኝ ብላ ላከችበት። መርዶክዮስም፣ አንቺ ዝም ብትዪ መዳን ከሌላ ስፍራ ይመጣል፣ ግን ለዚህ ጊዜ ወደ መንግሥት መጥተሽ እንደሆነ ማን ያውቃል አላት። 3 ቀን ጾመች፣ ሕዝቡንም አስጾመች። ከዚያ የንግሥትነት ልብሷን ለብሳ ገባች። ጾሙ መግባቱን አላስቀረውም።

ሐኪሙ የዓይንሽ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ብሏል። አንቺ ደግሞ እግዜር ያውቃል ትያለሽ። አዎ፣ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. እስራኤል ለመግባት ወደ ሱዳን ስትወጡም ያውቅ ነበር። አንቺ ግን ቤት ቁጭ ብለሽ አልጠበቅሽም። እኔን አዝለሽ፣ ሌሊት ሌሊት እየሄድሽ፣ እየጸለይሽ ተራመድሽ። መንገድ ላይ የቀሩትን እስከ ዛሬ በየስማቸው ታነሺያለሽ። ያን መንገድ የሄደች እናቴ ከአንድ ሐኪም ፊት ስትሸሽ ማየት ከበደኝ። ብትፈሪ አይገርመኝም፤ ፍርሃትሽን ግን ለብቻሽ አትያዢው።

ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከዋዜማው ጀምሮ አንቺ ጋ አድራለሁ። ቄሱ እንዲጸልዩልሽ ከፈለግሽ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ሐኪሙ አማርኛ ስለማይችል አጠገብሽ ሆኜ የሚለውን ሁሉ እነግርሻለሁ። ያልገባሽን ሁሉ ጠይቂው፣ አትፈሪው። ብቻ እሺ በዪኝና ደውዪልኝ።

የምወድሽ ልጅሽ