ቤትሽን ልለምንሽ ነው

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? እሺ፣ ጠፍቻለሁ። ኔትወርኩን ሰበብ ላደርግ አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ከተመለሰ ቆየ። ስትደውዪ አይቻለሁ። ነገ እደውላለሁ አልኩ፣ ነገ ነገ ስል አፈርኩ፣ ሳፍር ደግሞ ይብሱን ጠፋሁ። በቃ ይኸው ነው። ስድቡን ለጊዜው ያዢልኝ፤ ዛሬ የምለምንሽ ነገር አለ።

እማ ደህና ናት። ቁስቋምን መሳለሟን አልተወችም። ስላንቺ ትጠይቃለች፣ እኔም «ደህና ናት» እላለሁ፤ ካንቺ ሰምቼ እንደሆነ አድርጌ።

ነገሩ ስለ ሚጣችን ነው። ጋልቨስተን መግባቷን ሳትሰሚ አትቀሪም። ባሏ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቷል፣ እሷ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ ልጁ ዳዴ ማለት ጀምሯል። ቴክሳስ ስትለኝ ካንቺ ጎን የገባች መስሎኝ እልል ብዬ ነበር። ለካ ደሴት ላይ ናት! ከፊት ለፊቷ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በጓሮ ደግሞ ወሽመጥ። ጎንደር ላይ፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገች ልጅ ከባሕር እኩል ስትተኛ ምን ይባላል? በእርግጥ ከሦስታችን ውሃ የማትፈራው እሷ ነበረች። አንቺማ ቀሃ ወንዝ ሞላ ሲባል ከፒያሳ አትወርጂም ነበር።

አሁን የሃሪኬኑ፣ ያ ከባሕር የሚነሳው ከባድ ማዕበል፣ ወቅት ገብቷል። ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን መሆኑ ነው። የሚብሰው እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስንገዛ ነው። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሌሊት ስልኬን ይዤ ራሴን አስፈራራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1900 ያቺን ከተማ ጠራርጎ ቢያንስ 6,000 ሰው የገደለው ማዕበል የመጣው ሴፕቴምበር 8 ነው። ወደኛ ቆጠርኩት። ጳጉሜን 3። ሩፋኤል! ዝናቡ ጠበል ነው ብለን የምንሮጥበት ቀን። ይህን ለእማ አልነግራትም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ለሚጣ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ግንብ አለን እኮ» አለች። አላቸው፣ ልክ ናት። ከዚያ ጥፋት በኋላ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ሠርተዋል፣ ከተማውንም በአፈር ሞልተው ከፍ አድርገውታል። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 አይክ የሚሉት ሃሪኬን ሲመጣ ውሃው ዞሮ በወሽመጡ በኩል፣ በጓሮ ገባ። የእነሱ ቤት በየት በኩል እንደሆነ ገምቺ።

ያን ጊዜ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ሳይሸፋፍን ነው የተናገረው፦ ባሕሩ ዳር አንድና ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ የሚቀር ሞት ሊጠብቀው ይችላል አለ። ብዙ ሰው ግን ቀረ። ለምን እንደቀረ ስፈልግ ያገኘሁት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከአይክ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሪታ የሚሏት ሃሪኬን መጥታ ነበር። ሌላዋ ሃሪኬን፣ ካትሪና፣ ኒው ኦርሊንስን ካሰጠመች ገና ሳምንታት ብቻ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ደንግጧል። ውጡ የተባለውም ያልተባለውም በአንድ ጊዜ ወጣ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ! ከጋልቨስተን ተነስታ አንቺ ጋ ዳላስ የምታደርሰው አውራ ጎዳና፣ ኢንተርስቴት 45፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ነዳጅ አለቀ። በዚያ ሙቀት ሰው መኪና ውስጥ አደረ። ወደ ባሕሩ የሚወስደውን አቅጣጫ ለሚወጣው ሕዝብ የከፈቱት ዘግይተው ነው። ዊልመር፣ ከናንተ በታች ያለችው፣ አረጋውያን የጫነ አውቶቡስ ተቃጥሎ 23 ሰው ሞተ፤ የያዙት ኦክስጅን እሳቱን አባሰው። ሪታ በመጨረሻ ዞራ ወደ ሉዊዚያና ድንበር ሄደች። በሽሽቱ ብቻ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። እንዲህ ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ «ቤቴ እሞታለሁ» ቢል ትፈርጂበታለሽ?

ከዚያ ወዲህ አሠራሩን አስተካክለዋል። የባሕሩ ዳር ሰፈር በፖስታ ኮድ ተከፋፍሏል፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይወጣል፣ ከዚያ ኤ የሚሉት ክፍል፣ ከዚያ ቢ፣ ከዚያ ሲ። መሸሽ ያለበት ውሃ የሚደርስበት ሰው ነው፤ ነፋስ ብቻ የሚያገኘው ጠንካራ ቤት ካለው ቤቱ ይቀመጥ ነው የሚሉት። የጥምቀትን ግፊያ አስቢው፦ ተራው ያልደረሰ ሁሉ በሩ ላይ ሲከመር መውጣት ያለበት መሐል ላይ ታፍኖ ይቀራል። ሚጣ ያለችው መጀመሪያ በሚወጣው ክፍል ነው። ያ ጥሩ ነው። ክፉው ነገር፣ ውጡ የሚሉት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መሆኑ ነው። ትንበያው ገና መስመሩን በደንብ አልለየም፤ እስኪለይ ከተጠበቀ ደግሞ ሕዝቡን ለማውጣት ሰዓቱ አይበቃም። ውሃው ከማዕበሉ ቀድሞ ዝቅ ያለውን መንገድ ይይዛል፣ ከደሴቷ የሚያሻግረው ጀልባም ያቆማል። እሷ ደግሞ ፀሐይ እያየች ከሥራ የምትቀር ልጅ አይደለችም። የቀረችበት ቀን አይከፈላትም። ባሏ ፈረቃውን ትቶ አይወጣም። መኪናቸው ያው ያረጀች ናት። «መኪናዋ እንቢ ካለች 211፣ የእርዳታው ስልክ ላይ ደውዪ፣ ማጓጓዣ ለሌለው የሚመዘገብበት አለ፣ አሁኑኑ ተመዝገቢ» አልኳት። «እሺ» አለች። እሺዋን ታውቂዋለሽ።

ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ «ወጥተሽ የት ትሄጃለሽ?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ሆቴል ለሦስት ቀን ማን ይከፍላል?» አለች። አየሽ፣ የማትወጣው ግንቡን ስለምታምን አይደለም፤ የምትሄድበት ስለሌላት ነው። ያንቺን ስም አነሳሁ። «በምን ፊቴ?» አለች።

እንግዲህ... የሠርጉን ነገር እንደማልረሳው ታውቂያለሽ። ማን ልክ እንደነበረ አሁን አላነሳም፤ እኔም ያኔ ዝም ማለቴ ለሁለታችሁም አልጠቀመም። ቤትሽ ጠባብ መሆኑንም አውቃለሁ፣ አማችሽም ሳሎን እንደሚተኙ። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ እንዳስቀመጥኩ አልነግርሽም።

ብቻ አንዴ ደውይላት። «ውጡ ካሉ ሳትጠይቂኝ ነይ» በያት። እኔ ስለው ጭቅጭቅ ይሆናል፣ ካንቺ ከሰማችው ግን ነሐሴ ሳይገባ የልጁን ወረቀቶች በፌስታል ጠቅልላ ታስቀምጣለች፣ ነዳጇንም ከግማሽ በታች አታወርድም። ከእኔ ይልቅ አንቺን ነው የምትፈራው፤ ድሮም እንደዚያ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

መንገዱ ወደ 460 ኪሎ ሜትር ነው። ቀድማ ከተነሳች በቀን ትደርሳለች። አንሶላ ይዛ ትመጣለች፣ ምግብ ታበስላለች፣ ልጁ ግን ያለቅሳል፤ እሱን አልደብቅሽም። ባልሽን ቀድመሽ ጠይቂው። እምቢ ካለ ንገሪኝ፣ አልቀየምም፤ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ዝም ብቻ አትበዪኝ። (በዚህ ሳቂብኝ፣ መብትሽ ነው።)

ሽሮና በርበሬ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። ጉቦ ነው።

ያው እኔ