ስለ ጤና አገልግሎት አሰጣጥ በበይነ መረብ የሚሰጥ ትምህርት

በደሴ ከተማ ለምትገኙ የማኅበራችን አባላት፣

የጤና አገልግሎት ዛሬ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስረዳው የመግቢያ ትምህርት በበይነ መረብ የሚቀርብ በመሆኑ፣ ከቤታችሁ ሆናችሁ በስልካችሁ ልትከታተሉት ትችላላችሁ። ሰፊው ክፍል የሚያተኩረው በሦስቱ የአገልግሎት እርከኖች ላይ ሲሆን፣ በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዎችን እንዲያገለግል፣ አምስት ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር እንዲደራጁ፣ ከአቅም በላይ የሆነው ሕመም ደግሞ በሪፈር ወደ ሆስፒታል እንዲተላለፍ የተደረገበትን ምክንያት ያብራራል። ብዙዎቻችን (እኔንም ጨምሮ) ጉንፋን ሲይዘን እንኳ ጤና ጣቢያውን አልፈን ሆስፒታል የምንሰለፍ በመሆናችን፣ ይህን ክፍል እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ያለ ሪፈር ወረቀት ቢሄድ ከኪሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላልና። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ተካቷል። ለመመዝገብ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማችሁን አስታውቁ።