አሥር ወር የፈጀ ፊርማ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አፍጋኒስታን ስትጽፉ ከአሜሪካ ጋር የተደረገውን የጸጥታ ስምምነት ፊርማ መዘግየት በአንድ መስመር ማለፋችሁ አልተዋጠልኝም። የአሜሪካ ወታደሮች ከ2014 በኋላም አሠልጣኝና አማካሪ ሆነው እንዲቆዩ የሚፈቅደውን ስምምነት ሎያ ጅርጋ የተባለው የአፍጋኒስታን ታላቅ አገራዊ ጉባኤ የደገፈው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ነው። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሐሚድ ካርዛይ ግን አልፈርምም አሉ። ወታደሮቹ የሰው ቤት መፈተሻቸው ይቁም፣ ከታሊባን ጋር የሰላም ንግግር ይጀመር ነበር ጥያቄያቸው። እውነት ለመናገር፣ በሌሊት በሩን ሰብሮ የሚገባ የባዕድ ወታደር ማን ይወዳል? ግን እኮ ጉባኤውን የጠሩት ራሳቸው ነበሩ!

በመጨረሻ የተፈረመው አዲሱ ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2014 ነው። የኔቶ የውጊያ ተልዕኮ ሊያበቃ የቀረው ሦስት ወር ብቻ ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ