ራጁና ቢም በእውነተኛው ታሪክ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ህንዱ ፊልም «አርአርአር» ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ፊልሙን እኔም በጣም እወደዋለሁ። ኪየቭ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የተቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስካር ያገኘው ዘፈን ላይ ሁለቱ ሰዎች እግራቸውን እኩል ሲወረውሩ፣ አቧራው ቡን ሲል፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ያቅታል። «እውነተኛ ታሪክ» ማለታችሁ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

ፊልሙ ጓደኛሞች አድርጎ የሚያሳያቸው ራጁና ቢም በእርግጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጓደኝነታቸው ግን የዳይሬክተሩ የራጃሙሊ ፈጠራ ነው። አሉሪ ሲታራማ ራጁ ፊልሙ ላይ እንደምናየው የእንግሊዝ ፖሊስ አልነበረም። እንግሊዞች በ1882 ያወጡት የማድራስ የደን ሕግ ተራራ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ጫካ መንጥሮ ማረስ ከለከላቸው። እሱ አብሯቸው ተነሳ። በኦገስት 1922 ቺንታፓሊን ጨምሮ ፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ እየገባ ጠመንጃ ወሰደ። በ1924 ተይዞ በጥይት ተገደለ። ፊልሙ ላይ ራጁ ለሕዝቡ መሣሪያ ለማግኘት መከራውን የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኮማራም ቢም ደግሞ የጎንድ ሕዝብ ልጅ ነው። የተፋለመው በዋናነት ከሃይደራባዱ ገዥ ከኒዛም ጋር ነው፤ የተገደለውም በ1940። ጥያቄው ውሃ፣ ጫካና መሬት ነበር። ፊልሙ ይህን ትቶ የታፈነች ልጅ ፍለጋ አድርጎታል። ለሲኒማ ያምራል፤ የመሬቱ ነገር መዋጡ ግን ያሳዝነኛል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ስለ ሁለቱ ሰዎች አንድ አምድ ስጡን። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ